የአልጣሽ ዱርና ጎረቤቶቹ

ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ ከረከቦቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ማጨሻ ትቀመጣለች። በማጨሻዋ ውስጥ ፍም ይደረግና በፍሙ ላይ ጥቂት ዕጣን ይጣልበታል፤ ጢሱም ቤቱን ይሞላዋል። የቤቱ እመቤት ዕጣኑን ከገበያ ስትገዛ ነጩን ከጠቆረው፣ ጠጠሩን ከደቃቁ ለይታ ትመርጣለች እንጂ፤ «ይህ ዕጣን የየት አገር ነው?» ብላ ነጋዴውን የምትጠይቅ ብዙ አትገኝም። ብትጠይቅ ኖሮ ከሚነገሯት የአገር ስሞች መካከል መተማና ቋራ ሳይጠቀሱ አይቀሩም ነበር። እኛም ዛሬ አንባቢዎቻችንን ይዘን ወደዚያው ወደ ቆላው አገር ለመውረድ፣ ከዚያም ድንበሩን ተሻግረን እስከ ገዳሪፍ አውራጃ ለመድረስ አስበናል። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወገኖች ብዙዎቹ አማርኛን በመማር ላይ ያሉ ሹማምንት ስለ ሆኑ፣ ያልተለመደ ቃል ባጋጠመን ጊዜ ፍቺውን እዚያው እንሰጣለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ደጋውን እየለቀቀ ወደ ቆላ ይወርዳል። በማለዳ ጋቢውን ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ገንዳ ውኃ በደረሰ ጊዜ ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ይይዛል፤ መተማ ዮሐንስ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የሚጠለልበት ጥላ ይፈልጋል። ይህች የድንበር ከተማ በመጋቢት ወር 1889 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ ቆስለው በሞቱት በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ስም ትጠራለች። ከእርስዋ ማዶ፣ ትንሿን ወንዝ በተሻገሩ ጊዜ፣ የሱዳኗ ጋላባት ትገኛለች፤ ከጋላባትም እስከ ገዳሪፍ ከተማ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ቋራ የሚሄድ ሰው ግን ድንበሩን ሳይሻገር ወደ ደቡብ ይታጠፍና ወደ ወረዳው ከተማ ወደ ገለጉ ይጓዛል። ቋራ የዐፄ ቴዎድሮስ አገር መሆኑን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ከቋራ በታች፣ የሱዳንን ወሰን ታኮ ስለሚገኘው ስለ አልጣሽ ዱር ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ደን ማለት ዛፉ ነው። ዱር ግን ዛፉንም፣ ሣሩንም፣ አራዊቱንም፣ ሰው ያልሰፈረበትንም ምድር አንድ አድርጎ የሚጠራ ቃል ነው፤ ስለዚህ አልጣሽን ዱር እንለዋለን። ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታው ከ500 እስከ 900 ሜትር ገደማ ነው። ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት፣ የዕጣን ዛፍና ግራር፣ የቆላ ቀርከሃም የሚበቅልበት አገር ነው። በስተ ምዕራብ ድንበሩን እንዳለፉ ያለ አንዳች ተራራ፣ ያለ አንዳች አጥር፣ የሱዳን የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል፤ እርሱም በገዳሪፍ፣ በሲናርና በጥቁር ዓባይ ግዛቶች ላይ የተዘረጋና ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነው። በካርታ ላይ ሁለት ፓርኮች ናቸው፤ በምድር ላይ ግን አንድ ዱር ነው።

አንድ የሚያደርጋቸውም ውኃው ነው። በጣና ምዕራብ ካለው ከፍታ የሚወርደው ሽንፋ ድንበሩን ሲሻገር ስሙ ተለውጦ ራሃድ ይባላል፤ ዲንደርም እንዲሁ ከእኛው ከፍታ ተነሥቶ ይወርዳል። ሁለቱም ክረምት ሞልተው ይፈሳሉ፤ በጋ መፍሰሳቸውን አቁመው እዚህና እዚያ በተቈራረጠ ኵሬ ይቀራሉ። በዲንደር ሜዳ ላይ ወንዙ ከዘመን ዘመን መንገዱን እየለወጠ ትቷቸው የሄደ ጠማማ ጐድጓዶች አሉ። ሱዳኖች «ማያ» ይሏቸዋል። ክረምት በጎርፍ ይሞላሉ፤ በጋ ደግሞ ሌላው ምድር ሁሉ ደርቆ በተሰነጠቀ ጊዜ እነርሱ ለምለም ሣርና ውኃ ይዘው ይቈያሉ። ስለዚህ በበጋ ጎሹም፣ ከርከሮውም፣ ድኵላውም፣ ወፉም ወደ ማያዎቹ ይሰበሰባል። ዝናቡ ሲጀምር ሜዳው ዋልካ ስለ ሆነ (ዋልካ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ ግን እግርንም መንኰራኵርንም ይዞ የማይለቅ ጥቁር አፈር ነው) ብዙዎቹ አራዊት ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኢትዮጵያ ከፍታ ይወጣሉ። በበጋ የሱዳን የሆነው አጋዘን በክረምት የቋራ እንግዳ ነው ማለት ነው። እንግዲህ አንደኛው መንግሥት ብቻውን ቢጠብቅ ግማሽ ዓመት ብቻ መጠበቁ ነው።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1861ና በ1862 ዓ.ም. በአትባራና በሰቲት፣ ከዚያም በራሃድና በዲንደር አካባቢ ተዘዋውሮ ያየውን ጽፏል። በዚያ ዘመን ሐምራን የሚባሉት ዐረቦች በፈረስ እየጋለቡ ዝሆንን በሰይፍ ያድኑ ነበር፤ ቀጭኔና አውራሪስም በአካባቢው ይታዩ ነበር። የሱዳን የእንግሊዝ አስተዳደር ዲንደርን የአራዊት መጠበቂያ አድርጎ በ1935 ዓ.ም. ከለለው፤ ይህም የሆነው በ1933 ዓ.ም. በለንደን የአፍሪካን አራዊት ስለ መጠበቅ የተደረገውን ስምምነት ተከትሎ ነው። በ1979 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም የሕይወት ክልሎች መዝገብ ላይ ጻፈው፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ረግረጎቹ ለዓለም ጠቃሚ ከሆኑት ውኃማ ስፍራዎች ዘንድ ተቈጠሩ። ክብሩ በወረቀት ላይ እየጨመረ በሄደ መጠን አራዊቱ ግን እየቀነሱ ሄዱ። ቀጭኔውም አውራሪሱም ከዚያ ጠፉ፤ የቆርኬ ዘመድ የሆነውና በዲንደር ከሁሉ ይበዛ የነበረው ቲያንግ እንኳ ቀርቷል።

በእኛ በኩል አልጣሽ በአማራ ክልል ዐዋጅ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው በ2006 ዓ.ም. ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2016 ዓ.ም.፣ ስሙ በድንገት በዓለም ጋዜጦች ላይ ወጣ። ሐንስ ባወር የተባሉ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ፣ ቦርን ፍሪ በተባለው ማኅበር ርዳታ፣ አውሬ ሲያልፍ ራሱን በራሱ የሚያነሣ ካሜራ በዱሩ ውስጥ አኑረው የአንበሳ ሥዕል አገኙ፤ ኮቴውንም በአሸዋ ላይ አዩ። በአልጣሽና በዲንደር አንድ ላይ ከ100 እስከ 200 የሚሆኑ አንበሶች ሳይኖሩ አይቀሩም ሲሉም ገመቱ። ጋዜጦቹ «ያልታወቁ አንበሶች ተገኙ» ብለው ጻፉ። እኛ በዚህ አባባል ጥቂት ፈገግ ማለታችንን አንደብቅም። ማታ ማታ አንበሳው ሲያገሣ እየሰማ ከብቱን ወደ በረቱ የሚያስገባው የቋራ ባላገር አንበሳው እንዳለ ማንም አልነገረውም፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ይህንን ነገር አንባቢ እንዲያስብልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም የዱሩ ችግር ሁሉ የሚጀምረው ጎረቤቱ ካለመጠየቁ ነው።

ጎረቤቶቹ እነማን ናቸው? ከሁሉ በፊት በዚያ አገር የኖሩት ጕሙዞች ናቸው፤ ማሽላ ያርሳሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ማር ይቈርጣሉ። ከደጋ የወረደውም አማራና አገው አለ፤ በተለይ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ መሬት የጠበበባቸው የደጋ ገበሬዎች በመንግሥት ሠፈራ ወደ መተማና ወደ ቋራ ወርደዋል። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ደግሞ ከየአገሩ የቀን ሠራተኛ ይጎርፋል። ከሱዳን በኩል በበጋ ከብቱን ነድቶ የሚመጣ ፈላታ አለ። ፈላታ ማለት አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ ሲጓዙ በሱዳን የቀሩትን፣ በኋላም የተከተሏቸውን የፉላኒ ሰዎች የሚጠሩበት ስም ነው።

ስለ ዱሩ መጥፋት የሚነገር ሁሉ ጣቱን በፈላታ ላይ ይቀስራል። በሺሕ የሚቈጠር ከብት ይዘው ይገባሉ፣ ሣሩን ይጨርሳሉ፣ ቅርንጫፉን ለፍየል ይቈርጣሉ፣ መሣሪያም አይለያቸውም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። በዲንደርም ከከብት ነጂና ከአዳኝ ጋራ ሲጋጩ ሕይወታቸውን ያጡ የዱር ጠባቂዎች አሉ። ሆኖም ፈላታው ከድሮ ግጦሹ ለምን ወጣ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። በገዳሪፍ ሜዳ ላይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ ለወታደሩ እህል ለማግኘት ተብሎ፣ በትራክተር ማሽላ ማረስ ተጀመረ። ከነጻነት በኋላም፣ በተለይ በ1968 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራ አንድ ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ ወዲህ፣ እርሻው እየሰፋ ሄደ፤ ማሽላውና ሰሊጡ ገዳሪፍን የሱዳን ጎተራ አደረጋት። ግን ያ ሁሉ መሬት ባዶ አልነበረም። ከብት አርቢው በክረምት ወደ ሰሜን፣ በበጋ ወደ ደቡብ የሚመላለስበት ግጦሽና መንገድ ነበረ። መንገዱ ሲታረስበት የቀረለት ያልታረሰው ስፍራ ብቻ ነው፤ ያልታረሰውም ስፍራ ፓርኩ ነው። ጠባቂው ከብቱን ቢይዝ፣ ቢቀጣ፣ በሚቀጥለው በጋ ያው ከብት ይመለሳል፤ ሌላ የሚሄድበት የለውማ።

በ1983 ዓ.ም. የዲንደር ወሰን በሰፋ ጊዜ ደግሞ በራሃድ ወንዝ ዳር የነበሩ መንደሮች ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ፓርኩ ውስጥ ገብተው ተገኙ። ትናንት በሜዳቸው ላይ እንጨት የሚለቅሙ ሰዎች በማግሥቱ ሕግ ተላላፊ ሆኑ ማለት ነው። የሱዳን ባለሥልጣኖች ይህን ስሕተት ከጊዜ በኋላ እንደ ተረዱት መመስከር ይገባናል፤ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ርዳታ በተሠራው ሥራ ፓርኩ በሦስት ቀጠና ተከፈለ። መካከለኛው ፈጽሞ የማይነካ፣ ቀጥሎ ያለው በልክ የሚጠቀሙበት፣ ዳርቻው መንደሮቹ የሚኖሩበትና የሚለሙበት ሆነ፤ በየመንደሩም የልማት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅማሬው መልካም ነበር። የርዳታው ዘመን ሲያልቅ ግን እንዲህ ያለው ሥራ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዕጣናችን እንመለስ። የዕጣን ዛፍ ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ ድንጋያማ ስፍራ የማይጠላ የቆላ ዛፍ ነው። መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲቆም ሠራተኛው የግንዱን ልጥ በስለት ጥቂት ይፍቀዋል፤ ከቁስሉ ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣና ይደርቃል። የደረቀውን ለቅሞ ቁስሉን እንደገና ያድሰዋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ክረምቱ መግቢያ ይቈያል። በመተማ አካባቢ ተመራማሪዎች ከ6000 የሚበልጡ ዛፎችን ተከታትለው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ያወጡት ጽሑፍ በእውነት የሚያሳስብ ነው። ሁኔታው ሳይለወጥ ከቀጠለ የዛፎቹ ቍጥር በ50 ዓመት ውስጥ 90 ከመቶ፣ የዕጣኑም ምርት በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል ይላል። የሚያስደንቀው ግን ምክንያቱ ነው። የሚፈቀውም የማይፈቀውም ዛፍ እኩል እየቀነሰ ተገኘ! ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የዕጣን ለቃሚው አይደለም። ትልልቆቹን ዛፎች ግንድ የሚበሳ ጢንዚዛ ይገድላቸዋል፤ ትንንሾቹን ችግኞች ደግሞ እሳትና ከብት ያጠፋቸዋል። ሽማግሌው ይሞታል፤ የሚተካው ልጅ ግን አያድግም።

እሳቱን የሚለኵሰውስ ማን ነው? አንዳንዱ ከብት አርቢ ነው፤ አሮጌው ሣር ተቃጥሎ ለምለሙ እንዲበቅልለት። አንዳንዱ አራሽ ነው። አንዳንዱም ማር ቈራጭ ነው። በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ያለውን የዱር ንብ በችቦ ጢስ ያባርርና ማሩን ይወስዳል፤ ችቦው የወደቀበት ደረቅ ሣር ግን ለብዙ ቀን ይነዳል። ለአንድ ቅል ማር ሲባል ስንት ዘመን የፈጀ ዱር ይቃጠላል ብለን ብንቈጣ የሚፈረድብን አይመስለንም። ቍጣ ግን እሳት አያጠፋም። ማር ቈራጩ ቀርከሃውን ሰንጥቆ ቀፎ ቢሠራ፣ ቀፎውንም በገዛ ዛፉ ላይ ቢሰቅል፣ ሣሩ ሲነድ የሚቃጠለው የራሱ ቀፎ ይሆናል። በዚያን ጊዜ እሳት ለማጥፋት ከሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው እርሱ ነው።

ይህ አሳብ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም፤ በራሳችን ደጋ በሥራ ተፈትኖ የኖረ ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ ጓሳ የሚባል 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የብርድ አገር አለ። ስሙን ያገኘው ቤት ከሚከደንበትና ገመድ ከሚፈተልበት ከጓሳ ሣር ነው። ከ17ኛው ምእተ ዓመት ጀምሮ የአስቦና የጌራ ተወላጆች «ቄሮ» በሚሉት ሥርዓት ይጠብቁት ነበር። በአባቶች የቀና ርስት መብት ያላቸው ሰዎች አለቃ ይመርጣሉ፤ አለቃው ሜዳው እንዲዘጋ ያዛል፤ ሦስት ዓመትም፣ አምስት ዓመትም ተዘግቶ ይቈይና ሣሩ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ማጭዱን ይዞ ይገባል። በተዘጋበት ወራት ገብቶ የተገኘ ይቀጣል፤ የሚጠብቁትም ደመወዝ የሚከፈላቸው ዘቦች ሳይሆኑ ተራ የደረሳቸው ባለመብቶች ናቸው። በ1975 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ወጥቶ የርስት መብት ሲቀር የቄሮም ሥርዓት አብሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ነገሩን አልተወውም፤ በኮሚቴ መልክ አድሶ ይዞታል። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ለማየት የሚመጣ አገር ጎብኚ በሕዝቡ ማረፊያ ቤት ያድራል። ልብ እንበል፤ የመንዝ ሰው ጓሳን የጠበቀው ለቤቱ ክዳን እንጂ ለጎብኚ አልነበረም። ጎብኚው የመጣው ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ነው።

ሕጉም በር አልዘጋም። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ዐዋጅ ቍጥር 541 የአካባቢ ሕዝብ ራሱ የሚያስተዳድረው የዱር እንስሳት ክልል ሊኖር እንደሚችል ይደነግጋል። እንግዲህ በአልጣሽ ዙሪያ ያሉ የጕሙዝና የአማራ መንደሮች የዕጣኑን ዛፍ በውል ቢረከቡ፣ ችግኙ እስኪጠነክር ድረስ የተወሰነውን ስፍራ እንደ መንዝ በየተራ ቢዘጉ፣ ገንዘቡም ከሩቅ ከተማ ለሚመጣ ነጋዴ ብቻ ሳይሆን በመንደሩ ቢቀር፣ ከማንኛውም ዘብ የሚበልጥ ዘብ ይገኛል ብለን እናምናለን። ከፈላታው ጋራም ቢሆን በየዓመቱ ከመጋጨት ይልቅ የከብቱ መንገድና የውኃው ስፍራ ተለይቶ ቢሰጠው ይሻላል። ይህ ግን ገዳሪፍና ጎንደር በአንድ ጠረጴዛ ካልተቀመጡ አይሆንም።

«አገር ጎብኚስ?» የሚለን እንዳለ እናውቃለን፤ ይህ ቃል በየስብሰባው የማይነሣበት ቀን የለምና። ዲንደር ለጎብኚ የተመቸው ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ አራዊቱ በማያዎቹ ዙሪያ ስለሚሰበሰቡ ለማየት ይቀላል። አልጣሽ በዚያው ወራት ሣሩ የደረቀ፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ የሚበልጥበት አገር ነው። አንበሳው ሌሊት የሚንቀሳቀስ ስለ ሆነ ድምፁን ሰምቶ መልኩን ሳያይ የሚመለስ ይበዛል። እንዲህ ያለውን አገር የሚወድ ጎብኚ አለ፤ ቍጥሩ ጥቂት ነው፣ ገንዘቡን ግን ትልቅ ሆቴል አይጠይቅም። መንገድ የሚያሳየው ሰው፣ ምግብ የምታበስልለት ሴት፣ የሚገዛው ማርና ዕጣን ከመንደሩ ከሆነ በቂ ነው። በሰሜን ተራሮች በቅሎ ነጂውም፣ ወጥ ቤቱም፣ ዘቡም የአካባቢው ሰው በመሆኑ ብዙ ቤተ ሰብ ሲተዳደርበት ኖሯል። ዳሩ ግን በ2020 ዓ.ም. በሽታው፣ ቀጥሎም ጦርነቱ ጎብኚውን ባስቀረው ጊዜ የእነዚያ በቅሎዎች ጌቶች ምን እንደ ሆኑ መዘንጋት የለበትም። ጎብኚ ወሬ ሰምቶ የሚቀር እንግዳ ነው፤ የአንድን መንደር ጎተራ በእርሱ ላይ መመሥረት ደግ አይደለም።

በድንበሩ አካባቢም ወሬው ከሚያዝያ 2023 ዓ.ም. ወዲህ የጦርነት ወሬ ሆኗል። በካርቱም የተነሣው ውጊያ በ2024 ዓ.ም. ክረምት እስከ ሲንጃና እስከ ዲንደር ከተማ ደረሰ፤ የሱዳን ጦር ከተሞቹን ያስመለሰው በዚያው ዓመት ማለቂያ ላይ ነው። በሺሕ የሚቈጠሩ ስደተኞች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ፤ ቀደም ሲል በ2020 ዓ.ም. ከትግራይ የሸሹ ወገኖቻችን ወደ ገዳሪፍ እንደ ተሻገሩ ማለት ነው። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ዓ.ም. ጀምሮ ውጊያ ተነሣ። የተሰደደች እናት ለልጆችዋ ቂጣ የምትጋግርበትን እንጨት ከዱር ብትለቅም የሚወቅሳት ሊኖር አይገባም። ዘቡ በተበተነበትና የመሥሪያ ቤቱ መኪና በቆመበት ጊዜ ዱሩ የሚተርፈው የሚራራለት ጎረቤት ካለ ብቻ ነው፤ ጎረቤቱም የሚራራለት የራሱ ነገር በውስጡ ካለ ነው፤ ቀፎው፣ የዕጣን ዛፉ፣ የክረምት ሣሩ።

ሰኔ ሲገባ ዋልካው ይርሳል፤ ከገንዳ ውኃ ወደ ገለጉ የሚወስደው መንገድ ለመኪና ይከብዳል፤ የዕጣን ሠራተኛውም ጆንያውን ሰፍቶ ይመለሳል። ፈላታው ከብቱን ወደ ሰሜን ይነዳል። ያን ጊዜ ከዲንደር ሜዳ ጎሹና አጋዘኑ፣ ተከትሎም አንበሳው፣ በጎርፉ ፊት ፊት ወደ አልጣሽ ከፍታ ይወጣሉ፤ ኅዳር ላይ ውኃው ሲጎድል ደግሞ በመጡበት ተመልሰው ወደ ማያዎቹ ይወርዳሉ።